«ሶርስ» እና «ታርጌት» ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም፦ ስለ ጃቫ ግንባታ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በጃቫ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን በሥራ ባልደረቦቼ መካከል ሲዘዋወር ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ ለማስረዳት መነሣታቸውም የሚያስመሰግን ነው። የሰጡት ምክር ግን ተከታይ ካገኘ ጉዳት ያመጣል፤ ጉዳቱ የሚደርሰውም ምክሩን በተቀበለው ፕሮግራመር ላይ ሳይሆን ፕሮግራሙን በሚጠቀመው ሰው ላይ ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፋቸው በአጭሩ የሚከተለውን ይላል። በግንባታ ፋይሉ ላይ «ሶርስ»ንም «ታርጌት»ንም (ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም የተጻፈውን ኮድ ወደሚሠራ ፋይል ለሚለውጠው ፕሮግራም፣ የሚሰጡ ሁለት የስሪት ቁጥሮች) 8 ብሎ መጻፍ በየትኛውም አዲስ ጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መገንቢያ መሣሪያዎች ስብስብ) ቢገነባ ፕሮግራሙ በጃቫ 8 ላይ ለመሥራቱ በቂ ዋስትና ነው፤ ችግር ቢኖር እንኳ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ይታያል። ኮምፓይለሩ በዚህ ጊዜ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ፋይዳ ስለሌለው ማጥፋት ነው። «ሪሊዝ» የሚባለው የኮምፓይለር አማራጭ፣ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ለሚያሳትሙ ሰዎች እንጂ ለተራ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ቁጥሩን ጨርሶ ባይጽፉትም ሜቨን (ግንባታውን የሚያካሂደው መሣሪያ) ራሱ ተገቢውን ይመርጣል። ጃቫ ከአሮጌው ጋር መጣጣሙን ስለሚጠብቅ 8 ላይ የቆየ ሰው ወደፊትም ስጋት የለበትም። የጽሑፍ ኢንኮዲንግ (ፊደላት በባይት የሚቀመጡበት ዘዴ) ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም። አዳዲሶቹ ቋንቋዎች ደግሞ ይህን የስሪት ጣጣ ከነአካቴው ተገላግለውታል።

በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቀሩት በአብዛኛው ከእሱ የሚመነጩ ናቸውና።

«ሶርስ» 8 ማለት ኮምፓይለሩ ኮዱን በጃቫ 8 ሰዋስው ያንብበው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በጃቫ 10 የመጣውን «ቫር» ተጠቅመን ተለዋዋጭ ብንሰይም ግንባታው ይቆማል። «ታርጌት» 8 የሚወስነው ደግሞ የሚወጣውን የክላስ ፋይል (ኮዱ ተገንብቶ የሚቀመጥበት፣ ጃቫ የሚያስኬደው ፋይል) ዓይነት ነው። እያንዳንዱ የክላስ ፋይል በማይለወጡ 4 ባይቶች ይጀምራል፤ ከእነሱ ቀጥሎ ንዑሱ፣ ከዚያም ዋናው የስሪት ቁጥር በሁለት ሁለት ባይት ይከተላሉ። ዋናው ቁጥር ለጃቫ 8 52 ነው፤ ለ11 55፣ ለ17 61፣ ለ21 65። ጃቫ 8 ከ52 የሚበልጥ ቁጥር ያለው ፋይል ሲገጥመው ገና ሲጭነው አልቀበልም ይላል። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለንም።

ሦስተኛውን ነገር ግን ሁለቱም አማራጮች አይነኩትም፤ እሱም ኮዱ ሲገነባ የሚነጻጸርበት መደበኛ ላይብረሪ ነው። በጄዲኬ 11 የሚገነባ ሰው ሶርስንና ታርጌትን 8 ቢያደርግም ኮምፓይለሩ ከፊቱ የሚያየው የጄዲኬ 11ን ላይብረሪ ነው። ከጃቫ 9 በፊት ያልነበረውን «ሊስት ኦፍ» የሚባል ሜተድ (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ብንጠራ በዝምታ ይቀበለናል። በጃቫ 11 የመጣውን የስትሪንግ «ኢዝ ብላንክ» ብንጠራም እንዲሁ። ሰዋስዉ የ8 ነው፣ የፋይሉ ቁጥር 52 ነው፣ የምንጠራው ሜተድ ግን በጃቫ 8 ውስጥ የለም።

ጸሐፊው «አዲስ ሜተድ እንዳትጠሩ መጠንቀቅ ነው» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ጥንቃቄ እዚህ ቦታ አያድንም። የባይትበፈርን ጉዳይ ልጥቀስ፤ በነጻ የሚሰራጩ በርካታ ላይብረሪዎችን ያስቸገረ የታወቀ ጉዳይ ነው። ባይትበፈር የሚባለው ክላስ የሚወርሰው በፈር ከሚባል ወላጅ ክላስ ነው። «ፍሊፕ» የሚባለው ሜተድ እስከ ጃቫ 8 ድረስ የተጻፈው በወላጁ ላይ ብቻ ስለነበር የሚመልሰው በፈርን ነበር። በጃቫ 9 ይኸው ሜተድ በባይትበፈር ላይ እንደገና ተጻፈና የሚመልሰው ባይትበፈርን ሆነ። ጥሪዎችን በአንድ መስመር ለማያያዝ የሚመች ጥሩ ለውጥ ነው። ሆኖም ጃቫ አንድን ጥሪ በክላስ ፋይል ውስጥ ሲመዘግብ የሜተዱን ስም ብቻ አይጽፍም፤ የሚቀበላቸውን ዓይነቶችና የሚመልሰውንም ዓይነት አብሮ ይጽፋል። ስለዚህ በጄዲኬ 8 የተገነባው ፋይል «በፈርን የሚመልሰው ፍሊፕ» ብሎ ሲመዘግብ፣ በጄዲኬ 9 ወይም ከዚያ ወዲህ በመጣ ጄዲኬ የተገነባው «ባይትበፈርን የሚመልሰው ፍሊፕ» ብሎ ይመዘግባል። በምንጭ ኮዱ ውስጥ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ፕሮግራመሩ አዲስ ነገር አልጠራም፤ የጻፈው በጃቫ 8 ዘመን ሲጽፈው የኖረውን ነው። ጃቫ 8 ፋይሉን ያለ ቅሬታ ይጭነዋል፤ ፍሊፕ ወደተጠራበት መስመር ሲደርስ ግን እንዲህ ያለ ሜተድ የለም ብሎ ይወድቃል።

አሮጌው ፋይል በአዲሱ ጃቫ ላይ ለምን አይወድቅም? በጃቫ 9 ባይትበፈር ላይ የድሮውን ዓይነት የሚመልስ አገናኝ ሜተድ በኮምፓይለሩ አማካይነት አብሮ ስለተቀመጠ ነው። ጃቫ ከአሮጌው ጋር ይጣጣማል ሲባል የሚጠበቀው ይህ አቅጣጫ ነው፤ ትናንት የተገነባው ዛሬ እንዲሠራ። ዛሬ የተገነባው ትናንት በነበረው ላይ ይሠራል ብሎ ቃል የገባ ማንም የለም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለት አቅጣጫዎች አንድ አድርገው ማየታቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ስሕተት ነው። ነገሩ የአንድ ጊዜ አደጋም አይደለም። ከዚያ በፊት ጃቫ 8 ሲመጣ የኮንከረንት ሃሽማፕ «ኪሴት» ሜተድ የሚመልሰው ዓይነት ተለውጦ፣ በጄዲኬ 8 ታርጌት 7 ተብሎ የተገነባ ኮድ በጃቫ 7 ላይ በዚሁ መንገድ ወድቋል።

ችግር ቢኖር ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ይታያል የሚለውም ልክ አይደለም። ጃቫ አንድ ሜተድ መኖሩን የሚያረጋግጠው ጥሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጸም ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የደረሰውን አይቻለሁ። አዲሱ ስሪት ተጭኖ የዕለት ተዕለቱ ሥራ ሳይስተጓጎል ሲካሄድ ቆየ። ወር ሲዘጋ ሪፖርቱን ወደ ፋይል የሚያወጣው ክፍል ተጠራና የወጣው ባዶ ፋይል ሆነ። በዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ «ሪድ ኦል ባይትስ» የሚባለው፣ በኢንፑትስትሪም ላይ ከጃቫ 9 ጀምሮ ብቻ ያለው ሜተድ ተጠርቶ ነበር። ሎጉ ሲታይ ምንም የለም። ኮዱ እየያዘ የሚመዘግበው «ኤክሴፕሽን» የሚባለውን ወገን ነበር፤ «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» ደግሞ የ«ኤረር» ወገን ስለሆነ በዚያ አይያዝም። ሥራው በጀርባ ትሬድ ላይ ይካሄድ ስለነበርና ውጤቱን መልሶ የሚጠይቅ ኮድ ስላልነበረ ስሕተቱ እዚያው ተቀብሮ ቀረ። የሒሳብ ሠራተኞቹ ሌሊቱን በእጅ ሲደምሩ አደሩ። በሶርስና በታርጌት ላይ የተቀመጠው 8 ለእነሱ ምንም አልፈየደም።

የቁጥር 52 እና የ61 ልዩነት የሚያስከትለው ውድቀት ይልቅ ሐቀኛ ነው። ፋይሉ ሲጫን ወዲያው ይወድቃል፤ ጫኙም ቆሞ እያየው ነው። ሶርስና ታርጌት ብቻ ያሉት ግንባታ ይህን ግልጽ ውድቀት ያነሣና በቦታው ድብቁን ይተካል። እንዲያውም ታርጌትን 8 ብሎ ላይብረሪውን መዘንጋት፣ አንዳንድ ጊዜ ታርጌትን ጭራሽ ካለመጻፍ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። ጸሐፊው አጥፉት ያሉት ማስጠንቀቂያ፣ ሶርስ 8 ተብሎ ሳለ የቡትስትራፕ ክላስ መንገድ (መደበኛው ላይብረሪ የሚገኝበት ቦታ) አልተገለጸም የሚለው ነው። ኮምፓይለሩ ከጄዲኬ 7 ጀምሮ ይህን ሲናገር የኖረው እስካሁን የገለጽኩትን አደጋ ስለሚያውቅ ነው፤ የአሮጌውን ላይብረሪ ስላላሳየኸኝ ለማወጣው ፋይል ኃላፊነት አልወስድም እያለ ነው። በቅርብ ጊዜ የወጡት ጄዲኬዎች ደግሞ የበለጠ ግልጽ ሆነዋል፤ በሶርስና በታርጌት ፋንታ ሪሊዝን ተጠቀም ብለው በማስጠንቀቂያው ውስጥ ራሱ ይመክራሉ። የኮምፓይለሩ ደራሲዎች ስለ ኮምፓይለራቸው የሚሰጡትን ምክር ድምፁን አጥፍቶ መሥራት በምን ሚዛን ትክክል እንደሚሆን አይገባኝም።

ድሮ መልሱ አድካሚ ነበር። የጄዲኬ 8ን ወይም የ7ን ላይብረሪ ፋይል ከአሮጌ ጭነት ፈልጎ፣ በየግንባታ ማሽኑ አስቀምጦ፣ መንገዱን ለኮምፓይለሩ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ላለማድረግ ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት መምረጡ በዚያ ዘመን ቢያንስ ሊገባኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በወጣው ጄዲኬ 9 ግን፣ ጄኢፒ (የጄዲኬ ማሻሻያ ሐሳብ) 247 በሚል ቁጥር በሚታወቀው ማሻሻያ፣ ሪሊዝ የሚባለው አማራጭ መጣ። ጄዲኬው ያለፉትን ስሪቶች መደበኛ ላይብረሪ መልክ፣ ማለትም የትኛው ክላስ የትኛው ሜተድ እንዳለው፣ በራሱ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ሪሊዝ 8 ሲባል ሰዋስዉም፣ የፋይሉ ቁጥርም፣ የሚነጻጸርበት ላይብረሪም በአንድ ጊዜ የ8 ይሆናሉ። «ሊስት ኦፍ» የሚለው ጥሪ እዚያው በግንባታ ላይ ይያዛል። ፍሊፕም የበፈሩ ተብሎ ይመዘገባል። ኮምፓይለሩ ሪሊዝን ከሶርስ ወይም ከታርጌት ጋር አደባልቆ መስጠትን አይፈቅድም፤ ሦስቱ እንዳይጣረሱ ነው።

ይህ ላይብረሪ ለሚያሳትሙ ብቻ ነው የሚለው አባባል ምክንያቱ አልተገለጸም፤ ምክንያት የለውምና። የወር መዝጊያው ሪፖርት ላይብረሪ አልነበረም።

ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ጠንካራ የሚሆንላቸው መከራከሪያ ግን ነበረ፤ ስላላነሡት እኔ ላንሣው። ሪሊዝ የሚያሳየው በይፋ የተፈቀደውን ላይብረሪ ብቻ ነው። «ሰን ዶት ሚስክ» በሚባለው ጥቅል ሥር ያሉትን የጄዲኬ የውስጥ ክላሶች የሚጠቀም አሮጌ ኮድ ሪሊዝ 8 ሲባል ጥቅሉ የለም ተብሎ ይወድቃል። የሥርዓቱን ሞጁሎች የውስጥ ጥቅል በግድ የሚያስከፍተውን አማራጭም ከሪሊዝ ጋር መስጠት አይቻልም። እንዲህ ያለ ኮድ ላለው ሰው ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ኮዱን ማደስ ነው፤ ለቤዝ 64 ኢንኮዲንግ ብለው የውስጥ ክላስ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ከጃቫ 8 ጀምሮ ይፋ የሆነ መተኪያ አላቸው፤ የድሮውም ክላስ በጄዲኬ 9 ተወግዷል። ሁለተኛው ያንን የፕሮጀክት ክፍል ብቻ በጄዲኬ 8 መገንባት ነው። ሜቨንም፣ ሌላው የግንባታ መሣሪያ ግሬድልም «ቱልቼይን» በሚሉት ዘዴ የሚነሡበት ጄዲኬ ሌላ፣ ኮዱን የሚገነባው ጄዲኬ ሌላ እንዲሆን ይፈቅዳሉ። ሶርስና ታርጌት ብቻውን መልስ የሚሆንበት ሦስተኛ መንገድ ግን የለም።

ሪሊዝ የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ ከውጭ የምናመጣቸውን ላይብረሪዎች አይመረምርም። የእኛ ኮድ በ52 ቢወጣ፣ አብሮት የሚጫነው ጃር (የክላስ ፋይሎች ጥቅል) ግን በ61 የተገነባ ቢሆን፣ የጃቫ 8 ሰርቨር ላይ ስንደርስ እንወድቃለን። ለዚህ ኢንፎርሰር በሚባለው የሜቨን ደንብ አስከባሪ ተጨማሪ ደንቦች ውስጥ የባይትኮድ ስሪትን የሚፈትሽ ደንብ አለ፤ የሁሉንም ጥገኛ ጃሮች ቁጥር አይቶ ከተወሰነው የሚበልጥ ካገኘ ግንባታውን ያቆማል። ይህን ደንብ ማስገባት ጥቂት መስመር መጻፍ ነው፤ በየፕሮጀክቱ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ቁጥሩን ባንጽፍም ሜቨን ይመርጥልናል ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። የሜቨን ኮምፓይለር ፕለጊን ለብዙ ዓመታት ሳይነገረው ሲቀር የሚይዘው ቁጥር 1.5 (ማለትም ጃቫ 5) ነበር። ጄዲኬ 9 1.5ን መቀበል ሲያቆም፣ ምንም ያልነኩት ፕሮጀክት «ሶርስ 5 ከእንግዲህ አይደገፍም» እያለ መውደቅ ጀመረ። ፕለጊኑ ከዚያ ወዲህ በየስሪቱ ቁጥሩን ወደ 1.6፣ ወደ 1.7፣ ወደ 1.8 ሲያሳድግ መጥቷል። ግሬድል ደግሞ ካልነገሩት የሚገነባበትን ጄዲኬ ቁጥር ይወስዳል፤ የግንባታ ማሽኑ ላይ ያለውን ጄዲኬ አንድ ሰው ከ17 ወደ 21 ቢያሳድገው የሚወጣው ፋይል ከ61 ወደ 65 ይለወጣል፣ በፕሮጀክቱ ታሪክ ውስጥ ግን የተለወጠ መስመር አይገኝም። ደንበኛው የሚቀበለውን ነገር የሚወስን ቁጥር በፕሮጀክቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት።

8 ላይ የቆየ ሰው ወደፊትም ስጋት የለበትም የሚለው ነጥብ በከፊል እውነት አለው። የባይትበፈር አገናኝ ሜተድ የሚመሰክረው ጃቫ አሮጌ ፋይሎችን ለመጠበቅ ምን ያህል እንደሚደክም ነው፤ ይህን ድካም አከብራለሁ። ነገር ግን ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ጄዲኬ 11 ጃክስቢን የመሳሰሉት የጃቫ ኢኢ ክፍሎች ከጄዲኬው ወጥተዋል፤ በ8 ላይ ኤክስኤምኤልን በጃክስቢ ሲያነብ የኖረ ጃር በ11 ላይ ክላሱን ያጣል። ከጄዲኬ 16 ጀምሮ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ክላሶችን በስማቸው ፈልጎ በሚደርስበት ዘዴ) ወደ ጄዲኬው የውስጥ ክፍሎች ዘልቆ መግባት በነባሪው ተከልክሏል። ጄዲኬ 20 ደግሞ አዲሱን የሲኤልዲአር (የየቋንቋው የቀንና የሰዓት አጻጻፍ የመሳሰለው ስብስብ) መረጃ ሲይዝ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ የሰዓት አጻጻፍ ላይ ከጠዋትና ከሰዓት በኋላ ምልክት በፊት ያለውን ተራ ክፍት ቦታ በሌላ ዓይነት፣ ለዓይን በማይለይ ጠባብ ክፍት ቦታ ተካው። ሰዓቱን በተራ ክፍት ቦታ ጽፎ በተመሳሳዩ ፎርማት መልሶ ያነብ የነበረ ፕሮግራም ማንበብ አቃተው። ይህን ሶርስም፣ ታርጌትም፣ ሪሊዝም አይከላከለውም፤ የሚከላከለው በሚሠራበት ስሪት ላይ መፈተን ብቻ ነው።

ኮምፓይለሩ ራሱም ለዘላለም ወደ ኋላ አይሄድም። ጄኢፒ 182 የትኞቹ አሮጌ ቁጥሮች መቼ እንደሚወገዱ የሚወስን መመሪያ አስቀምጧል። በዚህም መሠረት ጄዲኬ 9 5ን፣ ጄዲኬ 12 6ን፣ ጄዲኬ 20 7ን አስወግደዋል። ጄዲኬ 21 8ን ሲያይ ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ወደፊት ይወገዳል ብሎ ያስጠነቅቃል። ላይብረሪዎቹም አይጠብቁም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 የወጣው ስፕሪንግ ቡት 3 ከ17 በታች አይሠራም። 8 ላይ መቆየት የሚቻል ውሳኔ ነው፤ የሚከፈልበት ውሳኔ መሆኑን መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም።

ኢንኮዲንግ ግንኙነት የለውም በሚለው ነጥብ ላይ ከማንኛውም በላይ የምከራከረው ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የቅርብ ጉዳይ ስለሆነ ነው። በኮዱ ውስጥ «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ አለ እንበል። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 6 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ በድምሩ 19 ባይት ይሆናሉ። ኢንኮዲንጉ ካልተነገረው፣ እስከ ጄዲኬ 17 ድረስ ያለ ኮምፓይለር የሚያነበው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሚለው ነው፤ በብዙ የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ይህ ዊንዶውስ 1252 ነው። ያኔ 19ኙ ባይቶች 19 የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይሆናሉ። ኮምፓይለሩ አንድም ቃል አይተነፍስም። ርዝመቱ 7 መሆን የነበረበት ጽሑፍ 19 ሆኖ ወደ ዳታቤዝ ይገባል። «ም» የሚለው ፊደል ቢኖርበት ኖሮ ሌላ ነበር፤ የ«ም» ሦስተኛ ባይት በዊንዶውስ 1252 ውስጥ ቦታ ስለሌለው ኮምፓይለሩ የማላውቀው ምልክት ገጠመኝ ብሎ ይናገራል። ስለዚህ አንዱ የአማርኛ ቃል ያስጮኸዋል፣ ሌላው በዝምታ ያልፋል። ሊኑክስም ቢሆን ሎኬሉ (የቋንቋና የአገር ቅንብሩ) ባልተወሰነ ኮንቴነር ውስጥ በነባሪው አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ የሚይዝ ኢንኮዲንግ) ሊሆን ይችላል።

ይህ ከስሪት ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የወጣው ጄዲኬ 18 በጄኢፒ 400 መሠረት ነባሪውን ኢንኮዲንግ በሁሉም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ዩቲኤፍ 8 አደረገው። ያው ኮድ በጄዲኬ 17 ሲገነባ ተበላሽቶ፣ በጄዲኬ 21 ሲገነባ ትክክል ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ በሚሠራበት ቦታም እንዲሁ ነው፤ ኢንኮዲንግ ሳይገለጽ በፋይልራይተር የሚጻፍ የአማርኛ ሪፖርት ጃቫ 8 ባለበት የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የመልእክት ፋይሎቹ ናቸው። የፕሮግራሙን የአማርኛ ጽሑፎች በፕሮፐርቲስ ፋይል ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እስከ ጃቫ 8 ድረስ ሪሶርስ በንድል እነዚህን ፋይሎች የሚያነበው በአይኤስኦ 8859-1 ስለነበር፣ አማርኛ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መተካት ነበረበት፤ ለዚህም «ኔቲቭ ቱ አስኪ» የሚባል መሣሪያ ከጄዲኬው ጋር ይመጣ ነበር። በጃቫ 9 በጄኢፒ 226 ንባቡ በቅድሚያ በዩቲኤፍ 8 ሆነ፣ መሣሪያውም ተወገደ። ዛሬ በጄዲኬ 17 የሚሠራ ወጣት ፕሮግራመር አማርኛውን እንዳለ በዩቲኤፍ 8 ይጽፋል፤ በእሱ ማሽን ላይ ያምራል። ፕሮጀክቱ ሪሊዝ 8 ተብሎ ተገንብቶ ጃቫ 8 ባለበት ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን በገጹ ላይ ያለው አማርኛ በሙሉ የማይነበብ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠሩ ቡድኖች ይህን ችግር አያዩትም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ጎልቶ አይነሣም። በአማርኛ የሚጽፍ መካሪ ካላነሣው ማን ሊያነሣው ነው?

አዳዲሶቹ ቋንቋዎች ጣጣውን ተገላግለዋል የሚለውም አያስኬድም። ጎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሮጌው ጋር ለመጣጣም ቃል የገባ ቋንቋ ነው፤ በፌብሩዋሪ 2024 ጎ 1.22 ሲወጣ ግን የፎር ሉፕ ተለዋዋጭ ትርጉም ተለወጠ፤ በየዙሩ አዲስ ተለዋዋጭ ይፈጠራል። አሮጌ ኮድ ያልተናጋው በሞጁል ፋይሉ ላይ የተጻፈው የጎ ቁጥር ከ1.22 በታች ከሆነ የድሮው ትርጉም ስለሚጠበቅ ነው። ረስት ደግሞ 2015፣ 2018፣ 2021 እና 2024 የሚባሉ እትሞች አሉት፤ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱን እትም ይገልጻል፣ የተለያየ እትም ያላቸው ጥቅሎችም አብረው ይገነባሉ። የስሪት ቁጥሩ አልቀረም፤ ይልቁንም ከግንባታ አማራጭ ወጥቶ የፕሮጀክቱ የራሱ መግለጫ ሆነ።

ጸሐፊው ደንበኛ ሰርቨሩን እንዲቀይር ማስገደድ አይገባም ማለታቸውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ለጃቫ 8 የደኅንነት ማሻሻያ አሁንም ከተለያዩ አቅራቢዎች ይወጣል፤ በ8 ላይ የሚሠራ ድርጅት እንደ ጥፋተኛ መታየት የለበትም። ለዚያ ድርጅት በሐቅ መሥራት ከተፈለገ ግንባታው በጄዲኬ 17፣ ሪሊዝ 8 ተብሎ ሊካሄድ ይችላል፤ 17 8ን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀበላል። ከዚያ የተገኘው ጃር ራሱ፣ እንደገና ሳይገነባ፣ ጃቫ 8 ብቻ በተጫነበት ማሽን ላይ በፈተናዎቹ ሁሉ ውስጥ ይለፍ። ከፈተናዎቹ መካከል የወር መዝጊያውን የመሰለ አልፎ አልፎ የሚጠራ ሥራና የአማርኛ ገጽ ይኑሩበት።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር አለ። በጽሑፋቸው መጨረሻ ለናሙና ያቀረቡት የሜቨን ቅንብር እንዳለ እየተቀዳ ነው፤ እኔም በሁለት ባልደረቦቼ ፕሮጀክት ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ሶርስና ታርጌት የሚሉትን ሁለቱን መስመሮች አውጥተው «ሜቨን ዶት ኮምፓይለር ዶት ሪሊዝ» በሚለው አንድ መስመር ይተኩልን፤ የኮምፓይለር ፕለጊኑ ከ3.6 ጀምሮ ያውቀዋል። ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋውን መስመር ይሰርዙልን። ለምንጭ ኮዱ ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 የሚለውን ይጨምሩልን። ጄዲኬ 8 ራሱ ሪሊዝ የሚለውን አማራጭ ስለማያውቀው፣ ግንባታው በጄዲኬ 9 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚካሄድ ከናሙናው ጎን ይጻፍበት።